የአቶ አይሆንም የመጨረሻ ጉባኤ

ሟቹ የተገኘው በጉባኤው አዳራሽ ሦስተኛ ረድፍ፣ በአገሩ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። ከሩቅ ላየው ረጅም ንግግር እንቅልፍ የጣለበት ተወካይ ይመስላል፤ በዚያ አዳራሽ ደግሞ እንዲህ ያለ ተወካይ ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ በዚያ ጠዋት ገና ማንም ንግግር አለመጀመሩና የሰውየው ማጅራት በደም መራሱ ነበር።

መርማሪዋ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆማ ዙሪያውን አየች። አጭር፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ሰው ሲዋሻት እንዳመነች ሁሉ ራሷን የምትነቀንቅ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሻይ፣ የታጠፈ መነጽር፣ ማይክሮፎን አለ። የሟቹ አገር ስም የተጻፈበት ረዘም ያለ ሰሌዳ፣ እንደ ሌሎቹ ሰሌዳዎች ሁሉ በጎኑ ተጋድሟል። መድረኩ ላይ ደግሞ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ለተሸላሚ የሚሰጥ፣ የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው የነሐስ ዓሣ ቆሟል። ዓሣው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ከመቀመጫው ሥር ግን ወልዋዩ ያላየው ቀጭን ቀይ መስመር ቀርቷል።

ጉባኤው የማንም አገር ባልሆነው ባሕር ላይ ማን ምን ያህል ዓሣ ያጥምድ የሚለውን የሚወስን ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ዓመታዊ ስብሰባ ነው። ኮሚሽኑ ከተቋቋመ ጀምሮ የዓሣው ብዛት በየዓመቱ ሲቀንስ፣ የተወካዮቹ ብዛት በየዓመቱ ሲጨምር ኖሯል።

«ኢንስፔክተር» አለ ሊቀ መንበሩ፣ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለ፣ «እኛ ከቁርስ በኋላ ተመካክረንበታል። ልባቸው ደክሞ ነው በሚለው ላይ መግባባት ላይ ደርሰናል።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። የተቃወመ የለም።»

«የራስ ቅላቸው ግን አልተስማማም» አለች መርማሪዋ። «ይቀመጡና ስለ ሟቹ ይንገሩኝ።»

ሊቀ መንበሩ ተቀመጠ። በሕይወቱ ሙሉ ማንንም ሳያስቀይም ለመኖር የተጋ፣ በዚህም የተነሣ ማንንም ጠቅሞ የማያውቅ ሰው ነበር።

«እኛ ዘንድ ድምፅ አይሰጥም። ሁሉም ነገር በስምምነት ነው የሚወሰነው። እኔ "ተቃውሞ አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። የሚቃወም ሰሌዳውን በጫፉ ያቆማል። አንድ ሰሌዳ ከቆመ ሐሳቡ ወደቀ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ይበቃል። ሟቹ እንግዲህ... እንዴት ልበልዎ... "አቶ አይሆንም" ነበር የምንላቸው። ለፍቅር ነው! ዓሦቹ የሚራቡበት አንድ ሰፊ ሥፍራ አለ። ለአጥማጅ መርከቦች ይዘጋ የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይቀርባል፤ በየዓመቱ እሳቸው ሰሌዳቸውን ያቆማሉ። ዛሬም የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሐሳቡ ሊቀርብ ነበር።»

«ሌሎቻችሁስ?»

«እኛማ እናዝናለን» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ሐዘኑ ራሱ የሥራ ድርሻው እንደ ሆነ ሁሉ።

«ስብሰባው ላይ ድንገተኛ ነገር ይገጥማችኋል?»

«በፍጹም! ጨዋ ሰዎች ነን እኮ። አቋሙን የሚለውጥ ሰው፣ ለገዛ ቡድኑ እንኳ ከመንገሩ በፊት፣ ለሐሳቡ አቅራቢ ሹክ ይላል። አንዱ ሌላውን በሰው ፊት ማስደንገጥ እዚህ ነውር ነው።»

ጠዋት በር ላይ የነበረው ጥበቃ እንደሚለው፣ አስተናባሪው አስከሬኑን አግኝቶ ከመጮኹ በፊት ወደ አዳራሹ ወገን ያለፉት ከሟቹና ከእሱ ሌላ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ሊቀ መንበሩ፣ የሟቹ ምክትል፣ አንዲት የባሕር ተሟጋችና የሐሳቡ አቅራቢ። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ ጣቱን የቀሰረው ወደ ተሟጋቿ ነበር። ምክንያትም አላጣም፤ በዋዜማው ግብዣ ላይ፣ ብርጭቆ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሟቹን «ይኸው ባሕር አንድ ቀን ይዋጥህ!» ብላው ነበር።

«ብዬዋለሁ» አለች ተሟጋቿ፣ መርማሪዋ በትንሿ ክፍል ስታነጋግራት። ሹራቧ ተጨማድዷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ብጠየቅ ደግሜ እለዋለሁ። ነገር ግን አስቢው... ይቅርታ፣ ያስቡት እስቲ። ገድዬው ምን አተርፋለሁ? ምክትሉ ተነሥታ ያንኑ ትደግመዋለች። ሰውየው ቢሞት ወንበሩ አይሞትም።»

«መርከቦቹ የማን ናቸው?»

«ባንዲራቸው የእሱ አገር ነው። ባለቤቶቻቸውን ግን አላገኘናቸውም። ባንዲራ እንደ ካልሲ ነው የሚቀያይሩት። ዓሣው የት ወደብ እንደሚራገፍ እንኳ ለማወቅ ስንት ደጅ ጠንተናል መሰለዎት!»

«ሐሳቡ ዛሬ ባያልፍስ?»

«ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እነሱ ዘንድ መተላለፍ ቀላል ነገር ነው። ዓሣው ግን ለመራባት የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። ጥናቱን የሠሩት የራሳቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ ሌላ አንድ ወቅት ከተጠመደ አይመለስም ብለዋል። ሰምተው አመስግነዋቸዋል።» ተሟጋቿ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳል ይመስል ነበር። «እኔን ያሰሩኝ። ግን ከስብሰባው በኋላ ይሁን።»

ምክትሏ ቀጥላ ገባች። አላለቀሰችም፤ እጆቿን ግን የት እንደምታሳርፋቸው ጠፍቷት ነበር።

«ዛሬ እንግዲህ እርስዎ ነዎት የሚቃወሙት?»

«መመሪያው ያው ነው። አለቃዬ ሌላ ነገር አልነገሩኝም።»

«ሌላ ሊነግሩዎት ይችሉ ነበር?»

«ዘንድሮ ጡረታቸው ስለሆነ ሚኒስትሩ "እንደ መሰለህ አድርግ" ብለዋቸው ነበር። አለቃዬ ደግሞ የሚመስላቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። አሁን ሥልጣኑ እኔ ላይ ወደቀ።» ምክትሏ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንን ሥፍራ መዝጋት ትክክል እንደ ሆነ ከእኛ ቢሮ የማያውቅ የለም። እውነቱን ልንገርዎት? ዛሬ ተነሥቼ "አይሆንም" ማለት ያሳፍረኛል። ግን በሟች ሰው አቋም ላይ እንዴት እረማመዳለሁ?»

የሐሳቡ አቅራቢ መርማሪዋን የተቀበላት በእንግዳ ማረፊያው ለስላሳ ወንበር ላይ ነው። ጋዜጦች «የባሕር አባት» ይሉታል፤ እሱም ጋዜጦቹ እንዳይሳሳቱ በየጊዜው ያስታውሳቸዋል። የነሐሱ ዓሣ ሽልማትም ለእሱ የተዘጋጀ ነበር። ፀጉሩ እንደ ብር ነጭ ነው፤ ክራቫቱ ላይ ትናንሽ ሰማያዊ ዓሦች ይዋኛሉ። ከጀርባው በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ትልቅ ፎቶ፣ ከዚያው ክራቫት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መሐረብ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታያል።

«በሐሳብ ጠላቴ ነበሩ፤ በልቤ ግን ወንድሜ» አለ፣ ከጠረጴዛው የወረቀት ናፕኪን አንሥቶ ዓይኑን እየጠራረገ። «ምስኪን! ሰሌዳቸውን እንዳቆሙ ሞቱ። እስከ መጨረሻው ተቃወሙ!»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ጠዋት አግኝተዋቸዋል?»

«ከትናንቱ ግብዣ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። ጩኸት ስሰማ ከሌሎቹ ጋር ሮጥኩ፤ ከበሩ ግን አላለፍኩም። ደም አይሆንልኝም።»

«ማን ይመስልዎታል?»

«እኔ በማንም ላይ ጣት አልቀስርም። ልጃችን ትንሽ ስሜታዊ ናት። ወጣትነት ነው፤ ባሕሩን መውደድ ነው። ይፈረድባታል?»

«እርስዎም ይወዱታል።»

«እመቤቴ፣ እኔ ለባሕሩ የከፈልኩትን ማን ከፈለ? አማቼ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ወደባችን ላይ ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለው። የሚቆመው ከዚያው ሥፍራ በሚመጣ ዓሣ ነው። ሥፍራው ቢዘጋ መጀመሪያ የሚከስረው እሱ ነው። እኔ ግን በየዓመቱ "ይዘጋ" እላለሁ!»

«ታዲያ አማችዎ አይቀየሙም?»

«እሱ? ከመምጣቴ በፊት እንኳ እራት ጋብዞ ነው የሸኘኝ። ትልቅ ሰው ነው።»

«ሆዱ ሰፊ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ተነሥታም ወጣች።

የአዳራሹን አስተናባሪ ያገኘችው የውሃ ጠርሙሶች ሲደረድር ነው። አስከሬኑን ያገኘውም የጮኸውም እሱ ነበር። ዘንካታ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀና በጓንቱ የሚኮራ ሰው ነው። ጠዋት ለፖሊሶች «ገባሁ፣ አየሁ፣ ጮኽኩ» ብሎ አሳጥሮ ነበር። መርማሪዋ ማሳጠሩን አልወደደችለትም፤ እንዲህ ያለ ለፍላፊ ሰው የሚያሳጥረው ሲፈራ ብቻ ነው።

«ከመጮኽዎ በፊት ምን ነኩ?»

«እኔ? ምንም!»

መርማሪዋ ጠበቀች። ጓንቶቹ አንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አዟዟሩ።

«እህቴ፣ እስቲ ፍረጂኝ» አለ በመጨረሻ። «ሰሌዳ አቁሞ መተው ምን ይሉታል? በየቀኑ እነሱ ያቆማሉ፣ እኔ አስተኛለሁ። ዛሬም በሩን ስከፍት አንድ ሰሌዳ ቆሞ አየሁ። እሳቸው ደግሞ የተኙ መሰለኝ። "ይኸው ገና በጠዋቱ!" ብዬ ሄጄ ሰሌዳውን አጋደምኩ። ከዚያ በኋላ ነው ደሙን ያየሁት። ማስረጃ ነካህ ብለው ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እርስዎ ጮኸው ሌሎቹ ሲገቡ ሰሌዳው ተጋድሞ ነበር ማለት ነው?»

«እንዳሁኑ። እኔው ነኝ ያጋደምኩት አልኩሽ።»

«ቆሞ እንደ ነበር ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልናገር? እዚህ እኔን የሚያናግር ሰው አይተሻል?»

መርማሪዋ ከዚያ ወጥታ የሟቹን ሚስት በስልክ አገኘቻቸው። አሮጊቷ የሚሉት ነገር በለቅሶ ይቆራረጥ ነበር።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ትናንት ምን አሉዎት?»

«ደስ ብሎት ነበር ልጄ። "ዘንድሮ አልቃወምም፤ ይለፍላቸው፤ ስሜን አጥቤ ቤቴ እገባለሁ" አለኝ። "ለቡድንህ ነገርክ?" ስለው፣ "ወጉ መጀመሪያ ለባለቤቱ ነው፤ ለእነሱ ነገ እነግራለሁ" አለኝ። የማን ባለቤት እንደ ሆነ አልገባኝም። እኔ ባለቤቱ እኮ በስልክ ላይ ነኝ።»

«ገብቶኛል እትዬ» አለች መርማሪዋ።

ከምሳ በኋላ ተወካዮቹ ሁሉ በየወንበራቸው ተቀመጡ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ምክትሏ ከሟቹ ወንበር ጎን ተቀምጣለች። ተሟጋቿ ለታዛቢዎች በተተወው የኋላ ረድፍ ናት። ሊቀ መንበሩ ጉባኤው በሐዘን ምክንያት ለሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ የሚያሳውቅ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ መርማሪዋ ግን ማይክሮፎኑን ቀደመችው።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች። «ሁላችሁም ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ነግራችሁኛል። አቶ አይሆንም የተገደሉት ስለሚቃወሙ ነው፤ ስለዚህ ገዳያቸው ሥፍራው እንዲዘጋ የሚፈልግ ነው። ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን እዚህ እኮ የሚቃወም ሰው ሲሞት ምክትሉ ትቃወማለች። ይህን የማያውቅ ከመካከላችሁ አለ?»

ተሟጋቿ ብቻ «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለች።

«እንግዲህ ገልብጠን እንየው። ሥፍራው እንዲዘጋ የማይፈልግ ሰውስ? እሱም መግደል አያስፈልገውም። ሰሌዳውን ማቆም ይበቃዋል። በሕጋችሁ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም ማስቆም ይችላል። ስለዚህ ራሴን ጠየቅኩ፦ ሥፍራው እንዳይዘጋ እየፈለገ፣ "አይሆንም" ብሎ በአደባባይ መናገር የማይችል ማን ነው?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚህ ላይ የሟቹ ሚስት ረዱኝ። ባለቤታቸው ዛሬ ላለመቃወም ወስነው ነበር።»

ምክትሏ ቀና አለች። «ለእኔ አልነገሩኝም!»

«ሊነግሩዎት ነበር። ወጋችሁ ግን አቋም የለወጠ ሰው መጀመሪያ ለሐሳቡ አቅራቢ ይንገር ይላል። ጨዋ ሰው ነበሩና ነገሯቸው። የገደላቸውም ይኸው ጨዋነት ነው።»

ሁሉም ወደ ባሕር አባት ዞረ። እሱ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ለፎቶ የሚሆን ዓይነት ነበር።

«እመቤቴ፣ እኔ ለዚህ ሐሳብ ዕድሜዬን ሰጥቻለሁ። አለፈልኝ ብዬ እልል እላለሁ እንጂ ሰው እገድላለሁ?»

«ሐሳቡ ቢያልፍ አማችዎ ምን ይሆናሉ? ራስዎ ነግረውኛል፤ መጀመሪያ የሚከስሩት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ "ንብረትህ ይዘጋ" የሚል አማች እራት የሚጋበዘው፣ ጋባዡ ነገሩ መቼም እንደማይዘጋ ሲያውቅ ነው። እርስዎ ይዘጋ ይላሉ፤ አቶ አይሆንም ይሰደባሉ፤ ዓሣው መጋዘን ይገባል። ሽልማቱ ደግሞ ለእርስዎ።»

«ይህ ግምት ነው!»

«እስካሁን ግምት ነበር። ጠዋት "ሰሌዳቸውን እንዳቆሙ ሞቱ" ብለውኛል። ከበሩ አላለፍኩም ያሉትም እርስዎ ነዎት። እናንተ ስትገቡ ሰሌዳው ተጋድሞ ነበር። ቆሞ ያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያጋደመውና ያቆመው። ያጋደመውን አውቀዋለሁ።»

የባሕር አባት ዓይኑን አዟዟረ። «አስተናባሪው... አዎ፣ አስተናባሪው ነው የነገረኝ።»

«እኔ?» አለ አስተናባሪው ከግድግዳው ጥግ። «ጌታዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እንደምን አደሩ ስልዎት አንድ ቀን እግዜር ይመስገን ብለውኝ ያውቃሉ?»

የሆነ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

«ሰሌዳውን ለምን አቆሙት?» ቀጠለች መርማሪዋ። «ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ "ተቃውሞ አለ?" የሚል ሊቀ መንበር በሌለበት፣ ማን ሰሌዳ ያቆማል? ያቆመው ሰው ሟቹ ሊቃወሙ እንደ ነበር እንድናምን ፈልጓል። ሊቃወሙ እንዳልነበር የማያውቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ድካም ውስጥ አይገባም። አንድ ነገር ልጨምር። ሲያለቅሱ ዓይንዎን በወረቀት ጠረጉ። ሟቹን የመቱበትን የነሐስ ዓሣ የወለወሉበት መሐረብ፣ የክራቫቱ ጥንድ፣ የት ሄደ? እኛ ከመታጠቢያ ቤቱ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ከሥሩ አግኝተነዋል። ትናንሽ ሰማያዊ ዓሦች አሉበት። አሁን ግን ሰማያዊ አይደሉም።»

የባሕር አባት ለመነሣት ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ደግነት በአንድ ጊዜ ረገፈ።

«እኔን ብቻ ታያላችሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ወደ ተወካዮቹ ዞሮ። «ከመካከላችሁ ዓሣው ከዚያ የማይመጣለት ማን ነው? ሁላችሁም በእሱ ጀርባ ተሸሽጋችሁ ኖራችኋል! እሱ ዝም ቢል ከእናንተ ማን ያቆመው ነበር? ማን? ትለማመጡኝ ነበር፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሐሳቡን ዘንድሮም አቅርበው፣ ያምርብናል" እያላችሁ!»

ጥቂቶች ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ለፍትሕ ሲባል መናገር ካስፈለገ፣ ሰውየው በዚያ ጉባኤ ቆይታው እውነት የተናገረው ያኔ ብቻ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሊቀ መንበሩ ላቡን ጠረገ። «እንግዲህ... ከተፈጠረው አሳዛኝ ሁኔታ አንጻር... የሐሳቡ አቅራቢም ስለሌሉ... ጉባኤው ለሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። መቼም ተቃውሞ አይኖርም...»

«አለ» አለች ምክትሏ።

«ምን አሉኝ?»

«እቃወማለሁ። አንድ ይበቃል አይደል? ስብሰባው አይተላለፍም።»

ሊቀ መንበሩ ጸሐፊውን አየ፤ ጸሐፊው ጣራውን አየ። «ግን እኮ የሐሳቡ አቅራቢ ታስረዋል።»

«እሳቸው ታሰሩ እንጂ ሐሳቡ አልታሰረም። በአጀንዳው ላይ አለ። ያቅርቡት።»

ሊቀ መንበሩ ውሃ ጠጣ። ሐሳቡን አነበበ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ዓሦቹ የሚራቡበት ሥፍራ ለአጥማጅ መርከቦች ይዘጋ የሚለው... ተቃውሞ አለ?»

ተወካዮቹ እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ ጎረቤቱን በዓይኑ ይለምን ነበር። ለዓመታት ስለ እነሱ ሲቃወም በኖረው ወንበር አጠገብ ያለችው ሴት እጆቿን አጣጥፋ ትመለከታቸዋለች። መርማሪዋም ገና አልሄደችም፤ በሩ ላይ ቆማ፣ እንዳመነቻቸው ሁሉ፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ዓሣው የማን መጋዘን እንደሚገባ ቀጥሎ ራሱ እንዲጠየቅ የፈለገ አልተገኘም።

«ተቃውሞ የለም» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጸድቋል።»

ከዚያ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ተቃቀፉ። አንዱ «ታሪካዊ ቀን ነው» አለ፤ ሌላው ፎቶ አንሺ አስጠራ። ተሟጋቿ በዚያ ጭብጨባ መሃል ከኋላ መጥታ ምክትሏ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አታጨበጭቢም?»

«አለቃዬ ሲሰደቡ እነዚሁ ናቸው ተቀምጠው ሲያዳምጡ የኖሩት።»

ተሟጋቿ አንገቷን ደፋች። «እኔም ሰድቤያቸዋለሁ።»

«አንቺ ግን» አለች ምክትሏ፣ «ከልብሽ ነበር።»